የወር ቢል በብድር አይከፈልም

ልጆቼ፣ የመብራትና የውሃ ቢል፣ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ በብድር አትክፈሉ። ምክሬ ይኸው ነው፤ የቀረው ለምን እንዲህ እንደምል ማስረዳት ነው። ትዳር ከመሠረታችሁ ገና ዓመት አልሞላችሁም። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለችው የኪራይ ቤታችሁ ሁለት ክፍል ናት፤ ደመወዛችሁም የጀማሪ ደመወዝ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና ዛሬ ልናገር።

ብድርን የማወግዝ እንዳይመስላችሁ። የደባርቅና የዳባት ገበሬ ክረምት ሲገባና ጎተራው ሲራቆት ገብስ ተበድሮ በመኸር ሲመልስ ኖሯል፤ እኛም የዚያ ሰው ልጆች ነን። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው፣ ሁላችንም አብቁተ እያልን የምናውቀው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ መያዣ የሌለውን ድሃ በቡድን ዋስትና እያበደረ ስንቱን ባለ በሬ፣ ስንቷን ባለ ሱቅ አድርጓል። ያ ብድር መመለሻው አብሮት አለ። በሬው ይደልባል፣ ለፋሲካ ገበያ ይወጣል፣ ይሸጣል፤ ዕዳው ከዋጋው ላይ ይነሣል። በብድር የተከፈለ የመብራት ቢል ግን የሚሸጥ ነገር አይተውላችሁም። መብራቱ በርቶ አልፏል፣ ዕዳው ቀርቷል፣ በወሩ ደግሞ ሌላ ቢል ይመጣል። ሞተን እስክንቀበር የማያቋርጥን ወጪ በብድር የጀመረ ሰው መቼ ሊያቆም ነው?

በእኔ ጊዜ መክፈልና መበደር የተለያዩ ቦታዎች ነበሩ። ለመብራት ቢሮው ድረስ ሄደን ተሰልፈን እንከፍላለን፤ ለብድር ደግሞ ዘመድ እንለምናለን ወይም ዋስ ይዘን ተቋም እንሄዳለን። መንገዱ ሩቅ ስለነበር ሰው ሁለት ጊዜ ያስባል። አሁን ሁለቱም አንድ ስልክ ውስጥ ገቡ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ገንዘብ መላኪያና መክፈያ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ ሳንዱቅ የሚባል ቁጠባ፣ መላ የሚባል አነስተኛ ብድር፣ እንደኪሴ የሚባል ደግሞ ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላ ብድር አመጣ። ከዚያ ወዲህ ንግድ ባንክም በዚያው ስልክ ላይ ብድር አቀረበ፤ ዳሸን "ዱቤ አለ"፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ደግሞ "ምቹ" የሚባል ብድር አላቸው። ለነጋዴና ለሥራ ጀማሪ ያለ መያዣ ብድር ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን አልነቅፍም።

የሚያስፈራኝ ቢል ስትከፍሉ የሚሆነው ነው። ሒሳባችሁ ውስጥ 300 ብር አለ፤ ቢሉ 520 ነው። ድሮ ቢሆን "አይበቃም" ተብላችሁ ትመለሱ ነበር። አሁን እንደኪሴ ካላችሁ የጎደለውን 220 ብር ብድሩ ይሞላውና ክፍያው ያልፋል። "ከፍለዋል" የሚል መልእክት ይመጣል፤ ደስ ይላችኋል። በሚቀጥለው ጊዜ ገንዘብ ሲገባላችሁ ብድሩና የአገልግሎት ክፍያው አስቀድሞ ይቆረጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት አባቶች እንዲህ ያለውን ነው። ተበዳሪው መበደሩ የሚሰማው ደመወዙ ጎድሎ ሲያየው ነው።

እንግዲህ በስልክ መክፈልን አልከለክላችሁም፤ እንዲያውም ክፈሉ። ሰልፍ የለም፣ ደረሰኝ ጠፋ የለም፣ መልእክቱ ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል። ኢንተርኔት ባይኖርም *127# ብሎ መክፈል ይቻላል። የምከለክለው በሰው ገንዘብ መክፈልን ነው። በስልኩ ውስጥ የእናንተ የሆነውና የአበዳሪው የሆነው ተለይተው ይታወቁ። እንደኪሴን የመሰለውን አገልግሎት እንዳይሠራ አድርጉት፤ ብሩ ሲጎድል ስልኩ "አይበቃም" ይበላችሁ። ያ ቃል የሚጠቅም ቃል ነው።

የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር አይታችኋል? የተማሪ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ በዘይት እጅ ወዝቷል። በየገጹ አናት ላይ ስም አለ፦ "አስተማሪዋ"፣ "ከላይ ግቢ"፣ "የመንታዎቹ እናት"። ከሥሩ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ በጎኑ ዋጋው። ሲከፈል በእስክሪብቶ ይሰረዛል። ባለ ሱቁ ገጹ እየረዘመ ሲሄድ "እትዬ፣ የፊተኛውን ቀለል እናድርገው" ይላል። ባልዋ ከሥራ እንደወጣ ከሰማ ደግሞ ይታገሣል፤ ለቅሶ ቤት ሲሆን ደብተሩን ጭራሽ አያነሣውም። በዚያ ደብተር ተበድሮ ቤቱን የሸጠ ሰው በሰፈራችን አላውቅም። ስልኩ ግን ሰው አይለይም። ቀኑ ሲደርስ ይቆርጣል፤ ካጣ ቅጣቱን ይጨምራል፤ ስማችሁም አይከፍሉም ከተባሉት ጋር ይመዘገብና ነገ ለቁም ነገር ብድር ስትሄዱ ይጠብቃችኋል።

ባሕር ማዶ ያሉትን ወንድሞቻችሁን ደግሞ ተመልከቱ። ዋሽንግተንና አካባቢው ያለው የእኛ ሰው መብራቱን፣ ስልኩን፣ የመኪና መድኑን በክሬዲት ካርድ ይከፍላል። ካርዱ እኛ ከኤቲኤም ብር እንደምናወጣበት አይደለም፤ የእኛው የራሳችንን ገንዘብ ያወጣል፣ የእነሱ የባንኩን ገንዘብ ያበድራል። በወሩ ሒሳብ ሲመጣ ሁለት ቁጥር ተጽፎ ይመጣል፦ አንዱ ሙሉው ዕዳ፣ ሁለተኛው "ቢያንስ ይህን ክፈል" የሚል ትንሽ ቁጥር። ሙሉውን በቀኑ የከፈለ ወለድ የለበትም፤ ካርዱ ለእሱ መክፈያ ብቻ ነው። ትንሹን እየከፈለ የሚያድር ግን በአማካይ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ የሆነ ወለድ ይቆጠርበታል፤ ያም ወለድ በየቀኑ ይታሰባል። ቤት አከራዩ ወይም ቢል ተቀባዩ በካርድ ሲከፈለው ከመቶው ሁለት ሦስት ተጨማሪ የሚጠይቅበት ጊዜም አለ። አሜሪካውያን በካርድ ያለባቸው ዕዳ በ2023 እ.ኤ.አ. ከ1 ትሪሊዮን ዶላር አልፏል። ያን ያህል ሀብት ያለው አገር ሕዝብ ከዚህ አረንቋ መውጣት ካቃተው እኛ በምን አቅማችን? ብልህ ከሰው ይማራል።

ይህን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ለቢል አንሶን ወደ አሜሪካ የምንደውልበት ልማድ አለ። የሚላክልን ብር ሁሉ ከተቀመጠ ገንዘብ የሚወጣ አይደለም፤ ከካርድ ዕዳ የሚወጣም አለበት። እዚያ ያለችው እህታችሁ በሌሊት ፈረቃ ቆማ ያመጣችውን፣ አልፎም ተበድራ የላከችውን ለእኛ ወር መጨረሻ አታውሉት። ለሕመም፣ ለሐዘን፣ ለትምህርት ከሆነ ደውሉ። ለመብራት አትደውሉ።

ሒሳቡን ቁጭ ብለን እናስላው፤ ቁጥሩን እኔ ለምሳሌ የወሰድኩት ነው። ደመወዝ 8,000 ብር ነው እንበል። በየወሩ ለቢልና ለኪራይ 1,200 ብር ይጎድላል፤ ከመቶው ደግሞ 6 ብር ለአንድ ወር ይከፈላል እንበል። በመጀመሪያው ወር 1,200 ተበደርን፤ የምንመልሰው 1,272 ነው። በሁለተኛው ወር ያን ስንመልስ ደመወዙ ጎደለ፤ ያው 1,200 ጎደሎም አለ፤ ስለዚህ 2,472 ተበድረን 2,620 ዕዳ ሆነብን። በሦስተኛው ወር 4,050 ገደማ ደረሰ። በስድስተኛው ወር 8,870 ብር ገደማ ይሆናል፤ ከሙሉ ደመወዙ በለጠ ማለት ነው። በስድስት ወር የጎደለን 7,200 ብር ነበር፤ የቀረው 1,670 ብር ገደማ ለምንም ነገር ያልዋለ የብድር ዋጋ ነው። ከዚያ በፊት አንደኛው አበዳሪ "ይበቃል" ስለሚል ሰው ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ የአንዱን በሌላው ይከፍላል። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው። በእድራችን ገንዘብ ያዥ ሆኜ ሳገለግል የወር መዋጮ እየጎደለባቸው የመጡትን ሳነጋግር መነሻቸው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ነበር። ሠርግ ወይም ሕመም የጣላቸው ጥቂት ናቸው።

ከመቶ ስድስት በወር ትንሽ ይመስላል። በዓመት ሲቆጠር ግን 72 ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው ለሰው ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ አራጣ ደግሞ በወንጀል ያስቀጣል። ባንኮች የሚተዳደሩት በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ስለሆነ በዚህ ልክ አይያዙም፤ ሆኖም የአንድን ብድር ክብደት ለመመዘን ሕጉ ጥሩ ሚዛን ይሰጣል። ስለዚህ የስልኩ ብድር "የአገልግሎት ክፍያ" ሲላችሁ ቁጥሩን ለአንድ ዓመት አባዙትና ተመልከቱ። ቤተ ክርስቲያናችን አራጣን አጥብቃ ታወግዛለች። አዲስ ዓለም ሰፈር ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ወለድ ሐራም ነው ብለው ይጠነቀቃሉ፤ ለእነሱ ከወለድ ነፃ የሆኑ አገልግሎቶች ተከፍተዋል። አባቶቻችን በሁለቱም ወገን ይህን ያህል የተጠነቀቁት በዘመናቸው ያዩት ነገር ስላለ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንምጣ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና። ብሩ የሚጎድለው የት ነው? በጎንደር ከተማ አንዱ ቀዳዳ ውሃ ራሱ ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቶ፣ የከተማው ሰው ቁጥር በዝቶ፣ ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው። ፈረቃው ሲያልፋችሁ በጋሪ ጀሪካን ትገዛላችሁ። ቢሉ ላይ የተጻፈው ትንሽ ነው፤ በጀሪካን የወጣው ግን ማንም አይመዘግበውም። እስኪ አንድ ወር በጀሪካን የሄደውን በወረቀት ያዙት፤ ትደነግጣላችሁ። ከዚያ በርሜል መግዛት ወይም ከግቢው ሰው ጋር ተዋጥቶ ታንከር ማስቀመጥ ያዋጣ እንደሆነ ታያላችሁ።

ሁለተኛው መብራት ነው። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት ከፍ እንዲል ተወስኗል። ታሪፉ በእርከን ነው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይወጣል። እናንተ ደግሞ አንድ ቆጣሪ ከአከራዩና ከሌላ ተከራይ ጋር ትጋራላችሁ። የሦስት ቤት ፍጆታ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ወደ ላይኛው እርከን ይገባል፤ ብቻችሁን ብትሆኑ የማትከፍሉትን ዋጋ ትከፍላላችሁ። በዚህ ላይ ማን የእንጀራ ምጣድ አለው፣ ማን አምፖል ብቻ አለው ሳይባል በእኩል ይካፈላል። ይህን በአክብሮት አንሡ። "ጋሼ፣ ቢሉን ብናየው፣ ምጣድ የሚጠቀመው ትንሽ ጨመር ቢያደርግ" ብሎ መናገር ነውር የለውም። አፍሮ ዝም ብሎ በልቡ እያጉረመረመ ከሚበደር ሰው ተናግሮ የሚስማማ ይሻላል።



እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው ብትሉኝ የማምነው አንድ ነገር አለ፦ አንድ ወር መቅደም። የዛሬው ቢላችሁ በዛሬው ደመወዝ እየተከፈለ ነው፤ ስለዚህ ደመወዝ በሦስት ቀን ሲዘገይ ትወድቃላችሁ። በአንድ ወር የቀደመ ቤት ግን የየካቲትን ቢል በጥር ደመወዝ አስቀምጦ ይጠብቃል። ይህን እንዴት እናምጣው? እቁባችሁ አለ። ዕጣው ሲወጣላችሁ ሶፋ ልንገዛ ነው ስትሉ ሰምቻለሁ። ሶፋው ይቆይ። ከእቁቡ ብር የአንድ ወር ኪራይ፣ መብራት፣ ውሃና እድር የሚሆነውን ለዩና ለብቻው አስቀምጡ፤ ሳንዱቅም ይሁን የባንክ ደብተር፣ ቴሌቪዥን ሥር ያለ ቆርቆሮም ቢሆን ግድ የለኝም። ከዚያ ወዲያ ደመወዝ በገባ ቀን፣ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት፣ የሚቀጥለውን ወር ቢል መልሳችሁ ትሞላላችሁ። ያን ካደረጋችሁ የስልኩ ብድር ቢጠራችሁም አትሰሙትም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እቁቡ እስኪወጣ ደግሞ በየወሩ 200 ብርም ቢሆን ጀምሩ።

ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ በእጅ የሚያዝ ጥሬ ብር ይሁን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት ሲቆይ ገንዘባቸው ሁሉ በስልክ የነበረ ሰዎች እንዴት እንደተቸገሩ አይተናል። ስልክ ቢጠፋም፣ ኔትወርክ ቢሄድም ዳቦ የሚገዛ ብር ቤት ውስጥ መኖር አለበት።

ጭራሽ አትበደሩ እያልኩ አይደለም። ደመወዛችሁ ዓርብ እንደሚገባ እርግጠኛ ሆናችሁ፣ መብራቱ ረቡዕ ሊቆረጥ ቢሆን፣ ለሁለት ቀን ተበድሮ ከፍሎ ዓርብ መመለስ ከመልሶ ማስቀጠያ ክፍያ ይሻላል። ይህ በዓመት አንዴ የሚሆን ነገር ነው። በተከታታይ ሁለት ወር ከሆነ ግን ኑሯችሁ ከገቢያችሁ በልጧል ማለት ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው፤ ቤት መቀየር፣ ወጪ መቁረጥ፣ ሌላ ሥራ መጨመር። እግርን በአልጋ ልክ መዘርጋት ይከብዳል፤ ግን ይቻላል፤ እኔና እናታችሁ ቀበሌ 18 በአንድ ክፍል ሦስት ልጅ አሳድገናል።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ስለ ምስጢር ነው። የዱቤ ደብተሩን ዕዳ ሚስትም ባልም ጎረቤትም ያውቀው ነበር። የስልክ ዕዳ ግን በይለፍ ቃል ተዘግቶ ይቀመጣል። ባል ለሚስቱ አዝኖ፣ ሚስት ባሏ እንዳይቆጣ ሰግታ ይደብቃሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሕጉም ቢሆን ለቤት ኑሮ የተወሰደን ዕዳ የባልና የሚስት የጋራ ዕዳ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ አንዳችሁ የተበደራችሁት ሁለታችሁንም ይይዛል። አንቺ ልጄ፣ ዝም ማለት ሰላም ይመስልሻል፤ አይደለም። አንተም፣ ወንድ ልጅ አቃተኝ አይልም የሚሉህን አትስማ።

ዕዳው ውስጥ ገብታችሁ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሌላ አትጨምሩ። የአንዱን በሌላው አትክፈሉ። ከፍተኛ ክፍያ የሚቆጥረውን ለይታችሁ እሱን ቀድማችሁ ዝጉ። ለአከራያችሁ በፊት ለፊት ንገሩት፤ አብዛኛው ሰው እውነት ሲነገረው ሁለት ሳምንት ይታገሣል። "ብድርህን እከፍልልሃለሁ፣ ቁጥርህን ላክልኝ" ለሚላችሁ ሰው ግን የይለፍ ቃላችሁን አትስጡ፤ የዘመዴ ልጅ ነው ብላችሁም ቢሆን።

በዚህ ወር ደመወዝ በገባ ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ ሁለታችሁም ስልካችሁን ጠረጴዛው ላይ አኑሩና ያለባችሁን አንድ በአንድ ተነጋገሩ። ደብተርና እስክሪብቶ ይኑር። ከባድ ሆኖ ካገኛችሁት ወደ እኔ ኑ፤ አልቆጣም። እናታችሁም ቡና ታፈላለች፤ አብረን እንቆጥረዋለን።